ብጉንጁ ከደረቀ በኋላ፦ «የድሬ ልጅ በብጉንጅ አይሞትም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ያልዞረበት የድሬ ወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ የለም። ለእኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል። አንዷ እህቴ ናት። «ይሄን አይተኸዋል?» ብላ ነው የላከችው፤ ተናዳ። የንዴቷን ምክንያት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ርዕሱ «የድሬ ልጅ በብጉንጅ አይሞትም» ይላል። ጸሐፊው «የሁለት ልጆች አባት፣ ከሳቢያን» ብለው ፈርመዋል። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ብዕር ግን አላቸው፣ ቀልድም ያውቃሉ። ጉንፋን የያዘው ልጅ ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ በፌስታል ተሸክሞ ከክሊኒክ ሲወጣ ያዩትን ሲጽፉ እኔም ስቄያለሁ። እውነት ነዋ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ድሬዳዋም ሐረርም ሠርቻለሁ። እንጀራዬ የታመመ ሰው ደም በጠርሙስ ተቀብሎ ምን እንደሚበቅልበት መጠበቅ ነበር። ስለዚህ ለማንም መድኃኒት አላዝም። የማውቀውን ባክቴሪያ ነገር ነው የማወራው።

መጀመሪያ የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ብጉንጅ ሙቀት የሚያመጣው ነው፤ ቆሻሻ ደም የሚወጣበት መንገድ ስለሆነ ወደ ውስጥ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ልጅ ትኩሳት ይዞት ካነከሰ ወይ ቺኩንጉንያ (ትንኝ የሚያስተላልፈው ቫይረስ) ነው ወይ ወለምታ፤ ፓራሲታሞልና ወጌሻ ይበቁታል። ሦስተኛ፣ የደም ከልቸር፣ ማለትም ደም በጠርሙስ ወስዶ ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ ማየት፣ ገንዘብ መልቀሚያ ነው፤ «ስታፍ ተገኘ» የሚሉት ሁላችንም ቆዳ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው። አራተኛ፣ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ለሳምንታት መድኃኒት መስጠት መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ከመፍጠር ሌላ ጥቅም የለውም። አምስተኛ፣ ልጁን የሚያሳምመው ራሱ ሆስፒታሉ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «በብጉንጅ የሞተ ልጅ ካለ ስም ጥሩልኝ» ይላሉ።

ከነዚህ ውስጥ ትንሽ እውነት የሌለበት አንድም የለም። ያስቸገረኝም እሱ ነው።

ከብጉንጁ እንጀምር። ድሬ ላይ ሙቀቱ ሲጠና ልጅ ብጉንጅ ቢያወጣ ማንም አይገረምም። ላብ አለ፣ አቧራ አለ፣ ማከክ አለ። «ትኩስ ጨርቅ አድርጉበት፣ ለእያንዳንዱ ብጉንጅ ፋርማሲ አትሩጡ» ማለታቸው ልክ ነው። አብዛኛው ብጉንጅ በስሎ፣ ፈንድቶ፣ በራሱ ይድናል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

«ቆሻሻ ደም» የሚለው ነው ስህተቱ። መግል የቆሸሸ ደም አይደለም። ከባክቴሪያው ጋር ሲዋጉ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች፣ የሞተ ሥጋና ራሱ ባክቴሪያው ነው። ሰውነት ዙሪያውን አጥር አጥሮ እዚያው አስሮታል። አጥሩ እስከያዘ ድረስ ደህና። በሁለት አውራ ጣት ሲጨመቅ ግን ወደ ውጭ የወጣው ይታያል፣ ወደ ውስጥ የሄደው አይታይም። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር ዙሪያ የወጣ ብጉንጅማ ጨርሶ መጨመቅ የለበትም። የዚያ አካባቢ ደም ሥር ከዓይን ጀርባ አልፎ ራስ ቅል ውስጥ ካለው ጋር ይገናኛል።

ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስን «የእናቶቻችን ጥበብ» ብለውታል። እናቴም ነስንሳብኛለች፣ ነፍሷን ይማር። ግን ብጉንጅ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ስታፍ፣ አብዛኛው አምፒሲሊንንና አሞክሳሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። እነዚህ ቁስሉን ነጭ ከማድረግ አልፈው ብዙ አይፈይዱም።

«ወደ ውስጥ አይመለስም» ለሚለው መልሱ በጣም የቆየ ነው። እ.አ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ አሌክሳንደር ኦግስተን የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም መግል በማይክሮስኮፕ ሲያይ ድቡልቡል ነገሮች ተሰብስበው አገኘ። የወይን ዘለላ ይመስላሉ። ስማቸውንም ከግሪክኛው ወስዶ ስታፊሎኮከስ አላቸው። እኔም ከብጉንጅ መግል ላይ ያንኑ ዘለላ አይቻለሁ። በጠና ከታመመ ልጅ የደም ጠርሙስ ውስጥም ያንኑ ዘለላ አይቻለሁ። ቀለሙ ያው ወይን ጠጅ፣ አሰፋፈሩም ያው። ብጉንጅ ሁሉ ወደ ደም ይገባል አላልኩም። ደም ውስጥ የተገኘው ሁሉም ከብጉንጅ መጣ ማለቴም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በየት እንደገባ እንኳን አይታወቅም። በሩ ግን አለ። ጸሐፊው ግድግዳ ነው ብለውናል።

አሁን ወደ እህቴ ንዴት። የማነከሱ ነገር።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት (እ.አ.አ. 2019) ድሬ የነበረ ሰው ቺኩንጉንያን አይረሳም። ቤተሰብ በሙሉ ግድግዳ እየተደገፈ ነበር ሽንት ቤት የሚሄደው። የባጃጅ ሹፌሩ ያነክሳል፣ ተሳፋሪውም ያነክሳል። ከዚያ በፊት እ.አ.አ. በ2013 ደንጊ ነበር። ወባውም አልተወንም። ስለዚህ ከተማችን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ስታይ ወዲያው ወደ ትንኝ ብትጠቁም አልፈርድባትም። ብዙ ጊዜም ልክ ናት።

የእህቴ ልጅ ሲታመም ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መቀመጫው ላይ ብጉንጅ ወጥቶበት ደረቀ። ማንም ቁም ነገር አላለውም። ከአሥር ቀን በኋላ ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ ቀኝ እግሩን ያነክሳል። ማታ አተኮሰው። አባቱ «አቦ፣ ቺኩንጉንያ ተመለሰ» አለ። ፓራሲታሞል ተሰጠው። በማግስቱ ወጌሻ ጋ ተወሰደ። «ወለም ብሎታል» ተባለ፣ ታሸ። ልጁ ጮኸ። በሦስተኛው ቀን አንድ ክሊኒክ ደም አይተው ታይፎይድ ነው አሉ። የእኛ አገር ትኩሳት መቼም ታይፎይድ ሳይባል አያልፍም። በአምስተኛው ቀን ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመረ፣ መንቃትም አቃተው። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይግላል፣ እጅና እግሩ ግን ቀዝቅዟል። ለእኔ የተደወለው ያኔ ነው። ቤተሰብ ውስጥ አንድ የላብራቶሪ ሰው አለ፣ እሱም መጨረሻ ላይ ይሰማል።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ደም ተወሰደ። በማግስቱ ጠርሙሱ ደፍርሷል። ከውስጡ ጠብታ ወስጄ ሳየው የወይን ዘለላ። ባክቴሪያው ብጉንጁ ላይ አልቆመም። በደም ተጉዞ የቅልጥሙ አጥንት ውስጥ ሰፍሯል፣ ከዚያም ሳንባው ደርሷል። ቀዶ ሐኪሙ ከቅልጥሙ ያወጣው መግል ምን ያህል እንደነበር ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አጥንትን ለምን መረጠ? ልጅ ስለሚያድግ ነው። በሚያድግ አጥንት ጫፍ፣ ከማደጊያው ሥር፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች ጥምዝ ብለው ይመለሳሉ። ደሙ እዚያ ሲደርስ ዝግ ይላል። ባክቴሪያም ዝግ ያለ ቦታ ይወዳል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ከጉልበት በላይ ወይም ከጉልበት በታች የሚያመው። መውደቁስ? ኳስ ተጫውቶ የማይወድቅ የድሬ ልጅ አምጡልኝ። ልጅ ባነከሰ ቁጥር ምክንያት የሚሆን ውድቀት አይጠፋም።

ጸሐፊው ቺኩንጉንያን ከዚህ የሚለይ ነገር እንደሌለ አድርገው ነው የጻፉት። አለ። ቺኩንጉንያ በአብዛኛው ብዙ መገጣጠሚያ ይይዛል፤ አንጓው፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጣቶቹ፣ በሁለቱም ወገን። ቤት ውስጥም ጎረቤትም ሌላ የታመመ አይጠፋም። የአጥንቱ ግን አንድ ቦታ ነው። «የት ነው የሚያምህ?» ስትሉት በጣቱ ያሳያችኋል። እዚያች ቦታ ላይ ስትጫኑት ይዘላል። እግሩን መሬት አያስነካም። ቀን በቀን ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ሕፃን ከሆነ ደግሞ አይነግራችሁም፤ አንድ እጁን ወይም አንድ እግሩን ማንቀሳቀስ ያቆማል፣ ዳይፐር ሲቀየርለት ይንጫረራል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ጭራሽ ትኩሳት ላያሳይም ይችላል።

ወጌሻን አልንቅም። የእኔን አንጓ የመለሱልኝ ሐረር ጁገል ውስጥ የነበሩ አዛውንት ወጌሻ ናቸው፣ ዛሬም በዚያው እጅ ነው የምጽፈው። ግን መግል የያዘ አጥንት አይታሽም። ጸሐፊው ጽሑፋቸው ላይ አንድ መስመር ብቻ ቢጨምሩልኝ ሌላውን ሁሉ እተውላቸው ነበር፦ ትኩሳት ያለበት ልጅ አንድ ቦታ ብቻ ካመመው ወይም እግሩን አልረግጥም ካለ፣ ወጌሻ ጋ ሳይሆን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ።

«ከልቸር ገንዘብ መልቀሚያ ነው» ወደሚለው ልለፍ። ይህቺ ሙያዬን የነካችው ናት፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ስታፍ ሰው ላይ የሚኖር መሆኑ እውነት ነው። ከ10 ሰው የ3ቱ ያህል አፍንጫ ውስጥ ወርቃማው ስታፍ፣ ማለትም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ደም ሲቀዳ ቆዳው በደንብ ካልጸዳ የቆዳ ባክቴሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ እንደሚያሳስትም አልክድም። ደርሶብኛል።

ጸሐፊው ግን ሁለት ዘመዳሞችን አንድ አድርገዋል። ስታፍ የሚባለው ቤተሰብ ብዙ አባል አለው። ቆዳ ላይ ተንሰራፍቶ ጠርሙስ የሚበክለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላኛው ነው፣ ኤፒደርሚዲስና መሰሎቹ። የምንለያቸውም በግምት አይደለም። ባክቴሪያውን ከፕላዝማ፣ ማለትም ከደም ፈሳሽ ክፍል፣ ጋር እናገናኘዋለን። ኦሪየስ ከሆነ ፕላዝማውን ያረጋዋል፣ የቆዳው ዘመዱ አያረጋውም። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ብዙ ይናገራል። የቆዳው ዓይነት በአንድ ጠርሙስ ብቻ ሲገኝ ሐኪሞች ልጁን አይተው ሊተዉት ይችላሉ። ኦሪየስ ከልጅ ደም ውስጥ ሲገኝ ግን «ከቆዳ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሐኪም አላውቅም። አፍንጫ ውስጥ ቤተኛ ነው። ደም ውስጥ ግን ምንም ሥራ የለውም።

«ሐኪሙ ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምራል፣ ታዲያ ከልቸሩ ለምን አስፈለገ?» ሲሉም ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጁ መጠበቅ ስለማይችል ይጀመራል። ያ የመጀመሪያው መድኃኒት ግን ግምት ነው። እኛ አገር ግምቱ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን ነው። ለብዙ በሽታ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለስታፍ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ስታፉ መድኃኒት የሚሰማ ከሆነ እነ ክሎክሳሲሊን ይሻላሉ። የማይሰማው፣ ኤምአርኤስኤ የሚባለው ከሆነ ደግሞ ክሎክሳሲሊንም ሴፍትሪያክሶንም ከንቱ ናቸው፤ ቫንኮማይሲን ወይም መሰሉ ያስፈልጋል። ልጁ የትኛው እንዳለበት ከፊቱ አይነበብም። ጠርሙሱ ነው የሚነግረን። ስታፍ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይበቅላል፣ መድኃኒቱን ለመለየት ሌላ ቀን ይጨመራል። እስኪደርስ በግምቱ፣ ከደረሰ በኋላ በእውቀት። ከተጀመረ በኋላም ደሙ ጸድቶ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ይቀዳል።

እዚህ ላይ ቅሬታ ካላቸው እኔም አብሬ እጮኻለሁ፤ ግን ስለ ሌላ ነገር። ጠርሙስ ያልቃል። ከልቸር የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ውጤቱ ሲደርስ ልጁ ወደ ቤት ተመልሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህ ምርመራው እንዲስፋፋ የሚያስጮህ ነው፣ እንዲቀር አይደለም።

አራተኛው፣ «ትኩሳቱ ከበረደ ይቁም» የሚለው፣ ከሁሉ በላይ ሰው የሚሰማው ይመስለኛል። ልጁ ተሽሎታል፣ ይስቃል፣ ወላጅ ሥራ ፈቶ ሆስፒታል ተቀምጧል። ገንዘቡም ያልቃል።

ለዚህ ከእኔ ይልቅ አንድ ፖሊስ ይመልስ። አልበርት አሌክሳንደር ይባላል፣ እንግሊዛዊ ነው። ስታፍና ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ፊቱን በልተውት አንድ ዓይኑ ወጥቷል። እ.አ.አ. በየካቲት 1941 ኦክስፎርድ ውስጥ ያን ጊዜ ገና በሙከራ ላይ የነበረውን ፔኒሲሊን ወሰደ። በአንድ ቀን ውስጥ ለውጥ ታየ። ትኩሳቱ ወረደ፣ መብላት ጀመረ። በአምስተኛው ቀን ግን መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ ውስጥ እየለቀሙ መልሰው እስከ መስጠት ደርሰዋል። አልበቃም። በሽታው ተመለሰ፣ በመጋቢት ሞተ። ትኩሳቱ ግን በርዶ ነበር። ከእሱ በኋላ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን በአብዛኛው ለልጆች መስጠት ጀመሩ፣ ልጅን ትንሽ ስለሚበቃው።

ትኩሳት መብረዱ ባክቴሪያው አንሷል ማለት ነው፣ አልቋል ማለት አይደለም። አጥንት ውስጥ፣ የልብ በር ላይ የተደበቀው ይቆያል። ለዚህ ነው ደሙ ቶሎ ከጸዳና ሌላ ቦታ ካልሰፈረ 1 ወይም 2 ሳምንት የሚበቃው፣ አጥንት ከገባ ሳምንታት የሚጨመሩት፣ የልብ በር ከያዘ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚወስደው። አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፦ ይህ ሁሉ ጊዜ በመርፌ መሆን የለበትም። አጥንቱ የታመመ ልጅ ቶሎ ከተሻለው ከጥቂት ቀን መርፌ በኋላ ቀሪውን በአፍ እየወሰደ ቤቱ ሊጨርስ ይችላል። ሐኪማችሁን ጠይቁ። «በአፍ ይቀየርልን» ማለትና «ይቁም» ማለት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

መድኃኒት ስለ ለመደ ባክቴሪያ ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። እንዲያውም ልጨምርላቸው። ሜቲሲሊን የሚባለው መድኃኒት እ.አ.አ. በ1959 ወጣ፣ የማይሰማው ስታፍ በ1961 ተዘገበ። ሁለት ዓመት! ግን ይህን የሚያመጣው ያለ አግባብ የሚሰጠው ነው፤ ለጉንፋን፣ ለቫይረስ ተቅማጥ፣ «ለማንኛውም» ተብሎ። ራሳቸው የሳቁበት ፌስታል። ደሙ ውስጥ ስታፍ ያለበት ልጅ ከዚያ ፌስታል ጋር አይቆጠርም።

«ስም ጥሩልኝ» ላሉት፦ አልጠራም። የሰው ልጅ ነው። ቁጥር ከፈለጉ ግን፣ እ.አ.አ. የ2019ን ሞት በዓለም ዙሪያ ያጠና በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት በ135 አገሮች ብዙ ሰው በመግደል ከባክቴሪያዎች አንደኛ የሆነው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ መሆኑን አሳይቷል፣ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሞት። ሐቀኛ ለመሆን፣ ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ልጆች አንደኛው እሱ ሳይሆን የሳንባ ምች አምጪው ኒሞኮከስ ነው። ይህን ለእሳቸው ወገን ይያዙልኝ።

የቀረው የሆስፒታሉ ነገር ነው። እዚህ ላይ ልከራከራቸው ፈልጌ ብዙም አልቻልኩም። ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚተከለው ቀጭን ቱቦ፣ ለስታፍ የተከፈተ በር ነው። ያልታጠበ እጅ አንዱን ልጅ ነክቶ ሌላውን ይነካል። ባክቴሪያውን ሆስፒታል ውስጥ ያገኙ ልጆች አሉ፤ በተለይ ያለ ቀናቸው የተወለዱና ለረጅም ጊዜ የተኙ። ግን የእህቴ ልጅ ቤቱ ነው የታመመው። ከዚያ በፊት ሆስፒታል የሚያውቀው ለክትባት ብቻ ነው። ጤነኛ፣ ወፍራም፣ ረባሽ ልጅ ነበር።

ያም ሆኖ ተኝቶ ሳለ አንድ ማታ ልጠይቀው ሄድኩ። ግራ እጁ ላይ አንድ ካኑላ አለ፣ መድኃኒት የሚገባበት። ቀኝ እጁ ላይ ደግሞ ሌላ አለ፣ ምንም የማይገባበት፣ ፕላስተሩ የጠቆረ። ዙሪያው ቀላ ብሏል። እህቴ «ከመጣን ጀምሮ ነው ያለው፣ እኔ ደግሞ የሚያስፈልግ መስሎኝ» አለች። ተረኛዋን ነርስ ጠራኋት። «እህቴ፣ ይቺ ምን ትሠራለች?» አልኳት። ጎንበስ ብላ አየቻት። «ውይ፣ ረስተናታል» አለች፤ እጇን ልትታጠብ ሄዳ ተመልሳ መጣችና አወጣችው።